ልጃችንን ያሞቀው ውሃ

ለትርንጎዬ፣

ለአንቺ «እንደምን ሰነበትሽ» ብሎ መጻፍ ያስኬድ እንደሆነ ቄሱን ልጠይቅ ብዬ አፍሬ ተውሁት። ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ግን ጽፌ ስለማላውቅ፣ እንደምን አለሽ የኔ ዓለም። እኔና ልጅሽ ደኅና ነን። እናትሽም ደኅና ናቸው። ከተለየሽን ዓመት ከአንድ ወር አለፈ። ተዝካርሽን ባለፈው ወር እዚሁ ገዳሪፍ አወጣን። የአገራችን ሰዎችም፣ የምሠራበት የጥገና ቤት፣ የወርሻው፣ ሱዳኖችም መጡ። ጎረቤታችን ኑራ ከነልጆቿ መጥታ ስታለቅስ ዋለች። ሁሉም ከተበተነ በኋላ እናትሽ፣ «ያልነገርሃት ነገር ካለ ጻፍላት፤ ልብህ ይቀልልሃል» አሉኝ። ያልነገርሁሽ ብዙ ነው።

ቤታችን ያችው ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ጡብ ቤት ናት። ቆርቆሮዋም አንቺ የምታውቂው ነው፤ ነፋስ ሲነሣ እንደዚያው ይጮኻል። ብትገቢ ግን ግር ይልሽ ነበር። ሣጥንሽ በነበረበት ቦታ ግድግዳውን ተደግፎ የአሮጌ ትራክተር ራዲያተር ቆሟል። ከእሱ ሁለት የብረት ቱቦዎች ተነሥተው ግድግዳውን በስተው ይወጣሉ። በውጭ በኩል ከግድግዳው ሥር ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ የእንጨት ምድጃ ተሠርቷል። ምድጃው ሲነድ ራዲያተሩ ይሞቃል፣ ክፍሉም ይሞቃል፤ ጭስ ግን ወደ ቤት አይገባም። ፓምፕ የለው፣ ሞተር የለው። ውሃው በራሱ ይወጣል፣ በራሱ ይወርዳል። የሠራሁት እኔ ነኝ። ጎበዝ ስለሆንሁ አይደለም፤ ስለፈራሁ ነው።

ፈሪነቴን ከማንም ቀድመሽ ታውቂዋለሽ። መተማ ላይ ተጋብተን ድንበሩን ስንሻገር እጅሽን ይዤ የተንቀጠቀጥሁት እኔ ነበርሁ፤ አንቺ ግን ሳቅሽብኝ። ጅብ በጮኸ ቁጥር የበሩን መቀርቀሪያ ሁለት ጊዜ የማየው እኔ ነበርሁ። «ባሌ ብረት በእሳት ይቆርጣል፤ የራሱን ጥላ ግን ይፈራል» እያልሽ ባልተቃናው ዓረብኛሽ ለኑራ ታወሪላት ነበር፤ ሁለታችሁም በሳቅ ትፈርሱ ነበር።

ያን ጊዜ ግን መፍራቴ ትክክል ነበር። እናትሽ በሐምዳይት በኩል ድንበሩን ተሻግረው ወድ ኤል ሒለው ካምፕ ደርሰዋል የሚለውን ወሬ አንድ የአገራችን ሰው ይዞልን መጣ። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ዝናቡ ቀርቶ፣ ሰው ከየቀዬው ተነቅሎ በእግሩ ወደዚህ ይጎርፍ የነበረበት ጊዜ። የሚደርሰው ይደርሳል፣ የማይደርሰው በመንገድ ይቀራል። አንቺ ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ስድስት ወር አልፎሻል። «እኔ ልሂድ» አልሁሽ። «አንተ እናቴን በመልክ አታውቃት፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እንዴት ትለያታለህ?» አልሽኝ። አብረን እንዳንሄድ ወርሻው አልለቀኝም። ከምናውቀው የሎሪ ሹፌር ጋር ጋቢና ተቀምጠሽ ሄድሽ። መኪናው እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። ልከተል ብዬ ጥቂት ሮጥሁና አፍሬ ቆምሁ። ያን ሩጫ አልነገርሁሽም ነበር።

በአራተኛው ቀን ይዘሻቸው መጣሽ። እናትሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። አጥንትና ቆዳ ብቻ፣ ከላይ አንድ ቡትቶ። መንገዱን ሁሉ በነጠላሽ ጠቅልለሽ አቅፈሽ እንዳመጣሻቸው ሹፌሩ ነገረኝ። እንደደረስሽ ፀጉራቸውን አጠብሽ፣ ልብሳቸውን ቀቀልሽ። ቅማሉ ግን ቀድሞ ወደ አንቺ ተሻግሮ ኖሯል።

በሳምንቱ ትኩሳቱ ጣለሽ። በቅማል የሚተላለፍ ነው አሉኝ። ሐኪም ቤቱ ሞልቶ በረንዳ ላይ አስተኙሽ፤ ግራና ቀኝሽ እንዳንቺው የሚቃዡ ሰዎች ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ያለ ጊዜዋ መጣች። አንዳንድ ሰው «ልጇን ሳታያት ሄደች» ይላል። ውሸት ነው። አይተሻታል። ዓይንሽ እሷ ላይ ነበር፤ «ትንፋሿን እይልኝ» አልሽኝ። ጣቴን ከአፍንጫዋ ሥር አድርጌ «አለች» አልሁሽ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንቺ አልነበርሽም።

ቀብርሽ ላይ ስለነበረው አልጽፍልሽም። ቆሜ ነበር፤ ሌላ የማስታውሰው የለኝም።

ሐኪሙ ወጣት ሱዳናዊ ነው፤ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ዓይኑ ቀልቷል። «እዚህ ከቆየች ትኩሳቱ ይይዛታል፤ ወደ ቤት ውሰዳት» አለኝ። «ወተት በጠብታ ስጧት። ከሁሉ በላይ ግን ብርድ እንዳይነካት። ያለ ጊዜው የመጣ ሕፃን የራሱ ሙቀት የለውም። ከበረዳት ታንቀላፋለች፤ ካንቀላፋች አትጠባም፤ ካልጠባች…» አልጨረሰውም። ሌላ በሽተኛ ጠሩት፣ ሄደ።

ርዝመቷ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ አይሞላም ነበር። ገዳሪፍ በበጋ ሰው የሚቀቀልባት አገር መሆኗን ታውቂያለሽ። በታኅሣሥና በጥር ግን ያ ከሰሜን የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ንጋት ላይ አጥንት ውስጥ ይገባል። ኑራ የራሷን ልጅ ታጠባ ስለነበር ወተቷን በስኒ እያለበች ታመጣልናለች፤ እናትሽ በጥጥ እያጠቀሱ በከንፈሯ ላይ ያንጠባጥባሉ። ሕፃኗን ከደረታቸው ላይ ለጥፈው በቀሚሳቸው ውስጥ ይይዟታል። ግን እሳቸው ራሳቸው ምን ሙቀት ነበራቸው? ንጋት ላይ ሁለቱም ሲንቀጠቀጡ አያለሁ። ለልጅቱ ስም አላወጣሁም። ስም ካወጣሁላት ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ።

የከሰል ምድጃ አስገባን። በሩን ዘግተን ስንጥቁን በጨርቅ ወተፍነው። በአምስተኛው ቀን ማለዳ እንጨት ፍለጋ ወጥቼ ስመለስ እናትሽ መሬት ላይ ተደፍተው ያስታውካሉ። ልጅቱ ከጎናቸው ናት፤ አንገቷ ዝሏል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሁለቱንም ወደ ውጭ ጎተትኋቸው። ጮህሁ መሰለኝ፤ ኑራ እየሮጠች መጣች። ልጅቱን ተቀብላ እግሯን እያሸች፣ ፊቷን እፍ እያለች፣ በዓረብኛ ትለምናታለች። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። በመጨረሻ አንድ ቀጭን ድምፅ አወጣች፤ ከጫጩት ድምፅ አይበልጥም።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። እናትሽ ገና ራሳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው ሳለ ከላያቸው ቆሜ፣ «መጀመሪያ ልጅዎን፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅዎን!» አልኋቸው። በኑራ ፊት ነው ያልሁት። ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጎተቱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንነጋገርም ነበር። ምግብ ያቀርቡልኛል፣ በልቼ እወጣለሁ። ምድጃውን በሩን ዘግተን ያስገባነው ሁለታችንም ነን፤ ወድ ኤል ሒለውም ሄደሽ ያመጣሻቸው በፈቃድሽ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የምጠላው ሰው አስፈልጎኝ ነበር፤ በአጠገቤ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ከሰል ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ አይገባም አልን። እና በምን እናሙቃት? በማግስቱ ወርሻ ሄድሁ፤ እጄ ግን አልሠራ አለኝ። ኡስታ ባቢከር አየኝና መዶሻውን ከእጄ ወሰደ። የወርሻውን አለቃ፣ ብየዳ ያስተማረኝን፣ አንቺ «የሱዳኑ አባትህ» የምትይውን ሽማግሌ ነው የምልሽ። የሚጠግነው አንድ ያረጀ ትራክተር ነበር። ሞተሩን አስነሥቶ ሲፈትሸው እኔ ከብርዱ የተነሣ ሳላስበው ራዲያተሩን ተጠግቼ ቆምሁ። ጀርባዬ ሞቀኝ። ሞተሩ ግን ወዲያ ነው፣ እሳቱ ወዲያ ነው። ይህ ትራክተር ከድሮዎቹ ነው፣ የውሃ ፓምፕ የለውም። ስንት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፤ ልብ ብዬው ግን አላውቅም።

«ኡስታ፣ ፓምፕ ሳይኖረው ውሃው እንዴት ይዞራል?» አልሁት።

«አስተምሬህ አልነበር?» አለኝ። «የሞቀ ውሃ ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል። እላይ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይወርዳል። የወረደው የሞቀውን ይገፋዋል። እሳት እስካለ ድረስ አይቆምም።»

«እሳቱ ከቤት ውጭ ቢሆንስ? ራዲያተሩ ደግሞ ከውስጥ?»

ስለ ልጅቱ እንደማስብ ሳልነግረው ገባው። «እሳቱ ከታች መሆን አለበት» አለ። «ከራዲያተሩ በታች ካልሆነ አይሠራም።»

ያን ቀን የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ዘርግቼ በከሰል ሣልሁት። የመጀመሪያው ሥዕል አልሆነም፤ ምድጃውን መሬት ላይ አስቀምጬ ራዲያተሩን ደግሞ መሬት ላይ ነበር ያደረግሁት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ውሃው የሚወጣበት የለውም። ራዲያተሩን ከፍ ባደርገው ደግሞ ሙቀቱ ሁሉ ቆርቆሮው ሥር ይቀራል፤ ልጅቱ የምትተኛው ዝቅ ብላ ነው። ስለዚህ ምድጃው ይውረድ ብዬ ከግድግዳው ውጭ ያንን ጥቁር ዋልካ አፈር እስከ ወገቤ ቆፈርሁት። በምድጃው ውስጥ ውሃው የሚሞቅበት እንዲሆን ከጉድጓድ ውሃ ማውጫ የተረፈ ወፍራም ቱቦ አገኘሁ፤ ሁለቱን አፍ በብረት ደፍኜ በየድኋቸው፣ አንድ ቀዳዳ ከላዩ፣ አንድ ቀዳዳ ከታቹ አወጣሁለት። እሳቱ ይህን ይገርፈዋል። የሞቀው ውሃ በላይኛው ቀዳዳ ወጥቶ ራዲያተሩ አናት ላይ ይገባል፤ የቀዘቀዘው ከራዲያተሩ ግርጌ ወጥቶ በታችኛው ቀዳዳ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ አፉ ክፍት የሆነ የዘይት ጣሳ በቀጭን ቱቦ ከራዲያተሩ አናት ጋር አያይዤ ሰቀልሁ። ውሃ ሲሞቅ ያብጣልና የሚያብጥበት ቦታ ይፈልጋል፤ አየሩም የሚወጣው በዚያ ነው።

በላይኛው ቱቦ ላይ መዝጊያ ገጥሜ ነበር። ኡስታ ባቢከር ሊያይ መጣና ጣቱን በእሱ ላይ አሳረፈ።

«ይህ ምን ያደርግልሃል?»

«ሙቀቱ ሲበዛ ልዘጋው ነው።»

«ወላሂ፣ ይህን የምትዘጋው ከሆነ ልጅህን ከቦምብ አጠገብ አስተኝተሃታል» አለኝ። «ከሥሩ እየነደደ ውሃን የሚዘጋ ሰው የለም። ሙቀት ከበዛ እንጨት ቀንስ።» መፍቻ አንሥቶ መዝጊያውን በራሱ እጅ ፈታው። እኔው ነበርሁ ልገድላት የነበርሁት።

ሙከራውን ያደረግነው ልጅቱ ኑራ ቤት ሳለች፣ በቀትር ነው። እሳቱን ለኮስን። ጥቂት ቆይቶ ቱቦው ይንኳኳ ጀመር። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ሰው በር እንደሚያንኳኳ። ከዚያ በመዶሻ እንደሚመታ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ ከጣሳው የፈላ ውሃና እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጥቶ ቆርቆሮውን መታ። እኔ ሮጬ ወጣሁ። እውነቱን ነው የምነግርሽ፤ ሽማግሌውን ትቼው ሮጥሁ። እሱ ግን ምድጃው አፍ ላይ ተንበርክኮ ፍሙን በአካፋ እያወጣ አፈር ያለብሰዋል። ድምፁ ሲሞት ዞር ብሎ፣ «ማዐሌሽ፣ ግድ የለህም፣ ና ግባ፤ ቱቦህ ጎብጧል» አለኝ።

ውሃ ያለበት ጠርሙስ እንደ ውሃ ልክ አጋድሞ በቱቦው ላይ እያስኬደ አሳየኝ። ቱቦውን መስኮቱን እንዳይነካ ብዬ ከፍ አድርጌ አሳልፌ እንደገና ዝቅ አድርጌው ኖሯል። በጉብታው ላይ አየር ታጉሮ ውሃውን ዘግቶታል፤ የታገደው ውሃ ምድጃው ውስጥ ፈልቷል። ሁሉንም ፈታሁት። ግድግዳውን በሌላ ቦታ በሳሁት፣ ራዲያተሩን አዞርሁት፤ ቱቦው ከምድጃው ተነሥቶ እስኪደርስ አንድም ቦታ ሳይወርድ እየወጣ እንዲሄድ አደረግሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ልጅቱ ሁለት ጊዜ ወተት አልቀበል ብላ ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ ቱቦውን በመዳፌ ይዤ ቆምሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ቆየና ለብ አለ። ሙቀቱ እንደ ሕያው ነገር በእጄ ሥር አልፎ ሲሄድ ተሰማኝ። የራዲያተሩ አናት ሞቀ፣ ግርጌው ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ግርጌውም ለብ አለ። ውሃው ዞረ። ማንም ሳይገፋው ዞረ። እናትሽ ልጅቱን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ገቡና መዳፋቸውን በራዲያተሩ ላይ አኖሩ። እኔን አላዩኝም፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ስምሽን ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ አላለቀም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ብየዳው ቢተነፍስስ፣ ጣሳው ቢደርቅስ፣ እንጨቱ ቢያልቅስ እያልሁ ሥራ ቦታ ሆኜ እበረግጋለሁ። ልጅቱ ግን ታንቀላፋ የነበረችው ነቃች። ወተት ስትጠይቅ ታለቅስ ጀመር። ለቅሶዋን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ እፈራለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ስመለስ እናትሽ ጨርቃቸውን ቋጥረው ተቀምጠዋል። «ልጅቱ ነፍስ ዘርታለች፤ እኔ ወደ ካምፑ ልመለስ፤ ፊቴን ማየት እንደሚከብድህ አውቃለሁ» አሉኝ። ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን ያልሁት፣ «እሳቱን ማን ይጠብቃል?» ነው። ቋጠሯቸውን ፈቱ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርሁ፣ ትርንጎዬ።

ጥር ሊያልቅ ሲል ወርሻው ለሁለት ቀን ወደ ሀዋታ ሊልከኝ ሆነ። እርሻ ላይ የቆመ ትራክተር ነበር። እምቢ ብል ሥራዬን አጣለሁ፤ ኡስታ ባቢከርም ታሞ ተኝቷል። የግዴን እናትሽን ተቀምጬ አነጋገርኋቸው። ጣሳው ላይ በሚስማር ጭረት አደረግሁ። «ውሃው ከዚህ በታች እንዳይወርድ ይጨምሩበት። ቱቦው ካንኳኳ እሳቱን ያውጡና አፈር ያልብሱት። ብረቱ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ግን እንዳይጨምሩ፤ ይፈነዳል። እስኪበርድ ይጠብቁ።» ሦስት ጊዜ አስደገምኋቸው። እንደ ዳዊት ደገሙልኝ። ያን መሣሪያ ከእኔ ይበልጥ ይፈሩት እንደነበር አውቃለሁ፤ ሲነድ በጎኑ ሲያልፉ ያማትቡ ነበር።

ሀዋታ ላይ እንዴት እንደሠራሁ አላስታውስም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሎሪው ገበያው ዳር አወረደኝ። ወደ ሰፈራችን ስቃረብ የምፈልገው ጭሱን ነው። የጭስ ማውጫው ባዶ ነበር። ቆምሁ። ካልሄድሁ ያየሁት ነገር እውነት የማይሆን መሰለኝ። ከዚያ ሮጥሁ።

እናትሽ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ደረታቸው ላይ ቀሚሳቸው አብጧል። ከቀሚሱ አፍ ላይ የልጅቱ አናት ይታያል። ጣቴን ከአፍንጫዋ ሥር አደረግሁ። አለች።

የሆነው እንዲህ ነው። ውሃ በአህያ በሚጎተት ካሮ የሚያመጣልን ሰውዬ ሁለት ቀን ቀረ፤ ጉድጓዱ ደርቆበት ኖሯል። ጣሳው ከጭረቱ በታች ወረደ። እኔ በተመለስሁበት ቀን ንጋት ላይ ቱቦው ማንኳኳት ጀመረ። እናትሽ አካፋውን በድንጋጤ ቢያጡት ፍሙን በእጃቸው ጎትተው አወጡት፤ አፈር አለበሱት። ከዚያ ልጅቱን ከገላቸው ላይ አስረው፣ ያለውን ልብስ ሁሉ ደርበው፣ ፀሐይዋ እስክትወጣ ሳይነቃነቁ ተቀመጡ። ብረቱ ሲበርድ ለመጠጥ ያስቀመጡትን ውሃ እስከ መጨረሻው ጣሳው ውስጥ ገለበጡት። ለእሳቸው ጉሮሮ አንድ ኩባያ አላስቀሩም። ኑራ በኋላ ከቤቷ ባታመጣላቸው ውሃ ሳይቀምሱ ይውሉ ነበር። እሳቱን መልሰው ያላነደዱት እኔ መጥቼ ሳላየው ስለፈሩ ነው።

መዳፋቸውን ሲዘረጉልኝ ቆዳው ተልጦ ነበር። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። «እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ከመጡ ጀምሮ እማዬ ብያቸው አላውቅም ነበር።

«ያልኸኝን እኮ እኔም ለራሴ በየቀኑ እለዋለሁ» አሉኝ። «ልጄን የገደላት የኔ ቅማል ነው። እሷ ልትወስደኝ ባትመጣ ኖሮ እያልሁ ነው የምውለው። አንተስ አንድ ቀን ነው ያልኸው።»

እንዲህ ሲሉ ሰማሁና እንደ ልጅ አለቀስሁ። አንቺን ከቀበርሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስሁት ያን ጊዜ ነው። እጃቸውን በዘይት ቀብቼ በንጹሕ ጨርቅ አሠርሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቁጭ ብለን እናወራለን። የምናወራው ስለ አንቺ ነው።

በመጋቢት ሙቀቱ መጣ፣ እሳቱንም አጠፋን። ልጅቱ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና አነሣናት። ስሟ አስካለ ነው። ስሙን ያወጡት እናትሽ ናቸው፤ እኔ ከቄሱ ፊት ቆሜም እንኳ አፌ አልደፍር ብሎኝ ነበር። አሁን ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፤ ራዲያተሩን ይዛ መቆም ነው የምትወደው፤ ያ ነው ዋናው ሥራዬ፣ እንዳትቃጠል መጠበቅ። ግንባሯ ያንቺ ነው። ኑራን «ዩማ» ትላታለች፣ እናቴ ማለቷ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ወጋኝ፤ ኋላ ተውሁት። ጠብታ ወተቷን አትርፎ የሰጣት ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ያ ወጣት ሐኪም ልጅቱን ይዤለት ስሄድ አላመነም። ቤታችን መጥቶ አየውና፣ በካምፑ ለሕፃናት በተለየችው ክፍል ተመሳሳዩን እንድሠራ ለመነኝ። በዚህ በያዝነው ብርድ እኔና ኡስታ ባቢከር ሠራነው። ሁሉም ሕፃናት አልተረፉም። አንዲት እናት ልጇ ካረፈ በኋላም እጇን ከራዲያተሩ ላይ ሳታነሣ ተቀምጣ አየኋት። ቤቴ ስመለስ ለብዙ ቀን እህል አልበላ አለኝ። የተረፉ ግን አሉ፤ ይህን እወቂልኝ።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽና ልጨርስ። ባለፈው ሳምንት ሥራ ላይ ሳለሁ ድምፅሽን ለማስታወስ ብሞክር አልመጣልኝም። ቃላትሽ አሉ፣ ድምፅሽ ግን የለም። ከቱቦው መንኳኳት ይበልጥ ደነገጥሁ። ሮጬ ለእናትሽ ነገርኋቸው። እሳቸው አልደነገጡም። ሕፃን ሳለሽ እንዴት ትንተባተቢ እንደነበር፣ «ር» እምቢ ብሎሽ ራስሽን «ትይንጎ» ትይ እንደነበር ነገሩኝ። ይህን አንቺም አልነገርሽኝም ነበር። እሳቸው እያስመሰሉ ሲሉት አስካለ ሳቀች፤ እኔም ድንገት ሰማሁሽ። ያ ትንሽ ጎርነን የሚለው፣ ስትስቂ የሚሰነጠቀው ድምፅሽ ተመለሰልኝ።

ስለዚህ ቃል የምገባልሽ ይህን ነው። ፍርሃቴን እተዋለሁ አልልሽም፤ አልችልም። አንቺን ግን ብቻዬን ላስታውስ ብዬ አልዘጋብሽም። እኔ የጎደለኝን እናትሽን እጠይቃለሁ፤ እሳቸው የማያውቁትን ኑራን እጠይቃለሁ። የሰማሁትን ሁሉ እየጻፍሁ ለአስካለ አስቀምጣለሁ፤ ዛሬ ማለዳ ደብተር ገዝቻለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ትይንጎ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ባልሽ